ከበሩ ጀርባ የቆመው ከዘራ

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የፎቁ ደረጃ መብራት ገና ሳይበራ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ መቀስ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው መታጠፊያ ላይ ቆመው ቀርተው ነበር። አንድ እጃቸው የብረቱን መደገፊያ ጨብጧል፤ ሌላው ዳሌያቸው ላይ ነው። ቀኝ ዳሌያቸው ከቦታው ሸተት ብሎባቸው መውጣትም መውረድም አልቻሉም፤ ይመለስ እንደሆነ ብለው ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ። እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ጎረቤቱ ነው። ለሙያቸው ነው የሚል አለ፣ ለምላሳቸው ነው የሚልም አለ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም።

እንዲህ ቆመው ሳሉ ከታች ድምፅ ተሰማ። ቀጭ። ከዚያ ዝም። ደግሞ ቀጭ። አንድ ነገር ደረጃውን ቀስ ብሎ እየወጣ ነው። እትዬ መቀስ ይህን ድምፅ ያውቁታል፤ ከዕድሜያቸው እኩሌታ በላይ አብሯቸው ኖሯል። ግን እስከዛሬ የሚሰሙት በቤታቸው ኮሪደር ውስጥ ነበር እንጂ ከውጭ ሲመጣ ሰምተውት አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸውም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ገና ሳያረጁ እግራቸው አልታዘዝ ሲላቸው የሟች ባላቸውን ከዘራ አነሱ፤ በዚህ ቤተሰብ ከዘራ ይወረሳል እንጂ አይገዛም። ብዙም ሳይቆዩ አልጋ ላይ ወደቁ፤ ከዚያ አልጋ የወጡት ለቀብራቸው ነው። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በኮሪደሩ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ሟቿ ከዘራዋን ፍለጋ ነው የምትመጣው ተባለ። ከዘራውን የነካ ሰው አልጋውንም ይወርሳል ተብሎ ተፈራ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ከበሩ ጀርባ አቆሙት። እህቶቻቸው ተዳሩ፣ ወንድማቸው ሾፌር ሆኖ ሩቅ ከተማ ሄደ፣ እትዬ መቀስ ብቻቸውን ቀሩ፤ ድምፁም አብሯቸው ቀረ።

ሰሞኑን ድምፁ በዝቷል፤ ዳሌያቸውም መውጣት አብዝቷል። ስለዚህ እትዬ መቀስ ተራዬ ደርሷል ብለው ቁርጣቸውን ካወቁ ሰንብተዋል። የሰፈሩ አናጢ የእናታቸውን አልጋ ከዕቃ ቤት አውጥቶ ከስፌት ክፍሉ ጓዳ ውስጥ ተክሎላቸዋል። ነገ በእጃቸው ያለውን ጨርቅ ለየባለቤቱ መልሰው፣ ሱቁን ዘግተው፣ ሊተኙ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማንም አልተናገሩም፤ ቢናገሩማ የሚገስጻቸው አይጠፋም ነበር።

ድምፁ ቀረበ። በመታጠፊያው ግድግዳ ላይ ጥላ ወጣ፤ ጥላው አራት እግር ነበረው። የእትዬ መቀስ ጠጉር ቆመ።

«ማነህ?» አሉ። «ሰው ከሆንክ ተናገር።»

«ሰው ነኝ እትዬ» አለ የሴት ድምፅ። «ደረጃው ነው ሰው የማያስመስለኝ።»

ከጨለማው ብቅ ያለችው በጀርባዋ ቦርሳ ያዘለች፣ በሁለት እጇ ክንድን የሚያቅፍ ክራንች የያዘች ወጣት ናት። እትዬ መቀስን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና ምን እንደሆኑ ሳትጠይቅ ገባት።

«ዳሌዎ ነው አይደል? አይግፉት። ክብደትዎን በግራ እግርዎ ላይ ያድርጉ፣ ትንፋሽዎን ያውጡት። ጡንቻው ሲፈታ ብዙ ጊዜ ራሱ ይመለሳል።»

እትዬ መቀስ እንደታዘዙት አደረጉ። ትንሽ ቆይቶ ዳሌያቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንሸራቶ ቦታው ገባ፤ ነፍሳቸውም መለስ አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ማን ነገረሽ?»

«የኔም ይወጣል። ደግሞም ሥራዬ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ በእንቅስቃሴ የማክም። አራተኛ ፎቅ አንድ በሽተኛ ለማየት መጥቼ ነው።»

ይህን ስትል ላብዋን ለመጥረግ እጇን አነሳች፤ አውራ ጣቷ ወደ ኋላ ተለምጦ ክንዷን ሊነካ ደረሰ። እትዬ መቀስ ጣቱን አፍጥጠው አዩት። የእናታቸው ጣት ነው። የራሳቸውም ጣት ነው።

«አባትሽ ማነው?»

«ሾፌር ነው። የጭነት መኪና። የተወለደው በዚህ ከተማ ነው፤ ልብስ ሰፊ እህት አለችኝ ይላል፣ ቤቷን ግን…»

«በይ ተይው፤ ገብቶኛል። አባትሽ ደብዳቤ መጻፍ እንደ ጦር የሚፈራ ሰው ነው። ግቢ ወደ ቤት፤ አክስትሽ ነኝ።»

እግር ጥሏት የመጣችው የወንድማቸው ልጅ ሆና ተገኘች። በሽተኛዋን አይታ እንድትመለስ ተነጋገሩ፤ ስትመለስም በሩን ከፍተው ጠበቋት።

ሱቃቸው የሆነው የስፌት ክፍል ሰፊ ነው። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ መሐል ላይ የመቁረጫው ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ደግሞ ልብስ የሚለካባቸው ራስና ክንድ የሌላቸው አሻንጉሊቶች ቆመዋል። በምሽት ብርሃን ሲታዩ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። ከሁሉም ራቅ ብሎ አንዱ ለብቻው ቆሟል፤ እጅጌው ረጅም የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሷል። በግማሽ በተከፈተው የጓዳ በር በኩል ትኩስ አንሶላ የተነጠፈበት አልጋ ይታያል።

ሻይ ቀርቦ ወሬው ከዘመድ ጤንነት ወደ ራሳቸው ጤንነት ሲዞር ወጣቷ እንዲህ አለች፦

«አክስቴ፣ ቅድም ያየሁት ዛሬ የጀመረ አይመስለኝም። ለምን መደገፊያ አይዙም?»

«ስድብ ነው የያዝሽው ልጄ? እኔ አንካሳ ነኝ?»

«እኔስ ነኝ?»

እትዬ መቀስ ክራንቾቿን አየት አደረጉና ስኳሩን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት።

«አንቺማ ወጣት ነሽ፤ ሰው ያዝንልሻል። እኔን ግን ደንበኛ ከዘራ ይዤ ቢያየኝ፣ እጇም እንደ እግሯ ሆኗል ብሎ ጨርቁን ይዞ ወደ ሌላ ሰፊ ይሄዳል። ደግሞ ትናንት ድክም ሳይለኝ ገበያ ደርሼ መጥቻለሁ። ትናንት በእግሯ የሄደች ዛሬ በምርኩዝ ስትሄድ ያየ ሰው አታላይ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ዝናብ በሚጥልበት ቀን ጥላ የያዘ ሰው፣ ትናንት በፀሐዩ አልያዝክም ተብሎ አታላይ ይባላል? የኛ ዓይነት ገላ ቀን ይመርጣል አክስቴ። እኔ ያለ ምንም የምሄድበት ቀን አለ፤ በአንድ ክራንች፣ በሁለት ክራንች የምሄድበትም አለ። ሩቅ መንገድ ሲሆን በተሽከርካሪ ወንበር እሄዳለሁ፤ ደርሼ ሥራዬን የምሠራበት ጉልበት እንዲተርፈኝ። አንድ ቀን ስለተቀመጥኩ እግሬን ለዘላለም ለወንበሩ አልሸጥኩለትም።»

«እግርስ አይሰንፍም? የተደገፈ እግር ሥራውን ይረሳል ይባላል።»

«ይህን ስጋት አልንቅብዎትም፤ እውነትነት አለው። ከአልጋ ባይነሱ ይሰንፋል። ግን ፈርተው ከቤት ባይወጡስ? መደገፊያው የሚያስፈልገው የበለጠ እንድንሄድ ነው። ከሱ ጋር ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በየዕለቱ አለ፤ የላላውን መገጣጠሚያ የሚይዝልን ጡንቻ ነውና።»

መልካም ክርክር ነው። ነገር ግን ፍርሃት ክርክር ሰምቶ ከቤት አይወጣም፤ የእትዬ መቀስም ፍርሃት ከሐኪም ቤት በፊት የነበረ፣ ከሟች ጋር የተማማለ ፍርሃት ነው። ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ትስቂብኝ ይሆናል። እናቴን አልጋ ላይ የጣላት ያ ከዘራ ነው።» በአገጫቸው የበሩን ጀርባ ጠቆሙ። «እስካሁንም አልተዋትም። ማታ ማታ በዚህ ኮሪደር ትሄዳለች። ቀጭ፣ ቀጭ እያለች። እህቶቼም ሰምተዋታል። ቅድም ደረጃው ላይ አንቺን እሷ ነሽ ብዬ ነው።»

ወጣቷ አልሳቀችም። የክራንቿን ጫፍ አንስታ አሳየቻቸው፤ ወፍራም ጎማ ነው።

«ይህ ድምፅ የለውም አክስቴ። ደረጃው ላይ የሰሙት ጉልበቴን ነው።» ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ቀጭ አለ።

እትዬ መቀስ ጉልበቷን ትኩር ብለው አዩት። አሻንጉሊቶቹ እንደ ቆሙ ናቸው።

«እዚህ ቤት የሚሄዱት እሳቸው፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ሲሰፉ ሰምተዋቸው ያውቃሉ?»

እትዬ መቀስ አሰቡ። በኋላ በቀስታ፣ «ስቀመጥ… እሷም ትቀመጣለች» አሉ።

«እስኪ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ አብረን እንሂድ።»

ኮሪደሩ ጠባብና ጨለማ ነው። እትዬ መቀስ ግድግዳውን ይዘው ሲራመዱ ድምፁ መጣ፣ እንደ ወትሮው፣ ከኋላቸው የሚከተል ሆኖ። ቀጭ። ወጣቷ የአክስቷን መዳፍ ይዛ በገዛ ዳሌያቸው ላይ አሳረፈችው። «አሁን አንድ እርምጃ» አለች። ተራመዱ። ቀጭታው ከመዳፋቸው ሥር መታ። ከውጭ ሲፈሩት የኖሩት ነገር ከውስጥ አንኳኳ።

ይህ ያጽናናቸዋል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ እትዬ መቀስን አላወቃቸውም። ግድግዳውን ተደግፈው፣ «እንግዲያው እኔ ውስጥ ነው ያለችው» አሉ።

«አዎ» አለች የወንድማቸው ልጅ። «እኔም ውስጥ አሉ። ያወረሱን መገጣጠሚያቸውን ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚይዘው ጅማት የኛ ሲፈጠርም ልል ነው፤ ክሩ ሳይጠብቅ እንደተሰፋ እጅጌ ማለት ነው። አልተቀደደም፣ ግን ከቦታው ይሸሻል። ቀጭታው ብቻውን ክፉ አይደለም፤ ሕመም ሲከተለውና አጥንቱ ሲሸሽ ግን ተጠንቀቂ ማለቱ ነው።»

«ከዘራውስ? በሁለት እግሯ ስትሄድ የኖረች ሴት አይደለችም፣ ያን ከዘራ ካነሳች በኋላ አልጋ ላይ የወደቀችው?»

«ስለ ከዘራው ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔም እሱን ነው የምጠረጥረው። እስኪ ሜትርዎን ያምጡ።»

እትዬ መቀስ የጠበቁት ሌላ ነበር፤ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ ይህ ተረት ነው እንደሚላቸው ነበር የሚያውቁት። ወጣቷ ግን በሩን ሳብ አድርጋ ከዘራውን ከነሸረሪት ድሩ አነሳችው። እትዬ መቀስ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ምንም አልሆነም። ኮሪደሩም ዝም እንዳለ ነው።

«የአያቴ ቁመት ስንት ነበር?»

«ያውና ቆማለች» አሉ እትዬ መቀስ፣ ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ወደ ለበሰው አሻንጉሊት እያሳዩ። «በሷ ልክ የተሠራ ነው። ቀሚሱ የመጨረሻ ቀሚሷ ነው፤ ተለማማጅ ሳለሁ ራሴ ሰፍቼላታለሁ። የጫማዋ ቁመት እንኳ አልተረሳም።»

«እንግዲያው ያዳምጡኝ። የከዘራ እጀታ መድረስ ያለበት ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንዱን ሲለቅ የእጁ አንጓ የሚያርፍበት ላይ ነው። የእጅጌው ጫፍ ማለት ነው። ያን ጊዜ ክርን ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፣ ትከሻም አርፎ ይቀመጣል።»

ከዘራውን ከአሻንጉሊቱ ቀኝ ጎን አቆመችው። ባዶው እጅጌ ተንጠልጥሏል፤ እጀታው ግን የእጅጌውን ጫፍ አልፎ፣ ወደ ላይ ሄዶ፣ ክርኑ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

እትዬ መቀስ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ። መለካት ግን አላስፈለጋቸውም፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ዐይናቸው ከሩቅ ይለያል። እጃቸው ሳያዙት ወደ አሻንጉሊቱ ቀኝ ትከሻ ሄደና እዚያው ቀረ።

«ይህን ጥጥ እኔ ነኝ የጨመርኩት» አሉ። «ቀሚሱ አልቀመጥ ብሎ አስቸገረኝ። ቀኝ ትከሻዋ ወደ ላይ ወጥቶ ነበር፤ እንዲህ፣ አንገቷ ሥር። ጥጥ ጨምሬ አስተካከልኩና እጄ ተባርኳል ተባልኩ። ለምን ወጣ ብሎ የጠየቀ የለም።»

«ለኛ ዓይነት ሰው ትከሻም ልል ነው» አለች ወጣቷ በለሆሳስ። «በእያንዳንዱ እርምጃ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ሲሰቀል ይወልቃል። እግሬን አዳንኩ ብለው ክንዳቸውን አጡ፤ ከዚያ በምን ይነሱ?»

እትዬ መቀስ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አለቀሱ፤ ለእናታቸውም ለራሳቸውም ነው ያለቀሱት። ሲያበቁ ዐይናቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠረጉና፣

«የማላውቀው ሰው ኮት አምጥቶ አጥብቢልኝ ቢለኝ ሳልለካ መቀስ አላነሳም» አሉ። «እናቴን ግን በአባቴ ልክ አስደገፍናት። የሰውዬውን ቁመት ብታዪ ልጄ! በር ሲገባ የሚያጎነብስ ሰው ነበር።»

ከዚያ ቆራጥ ሆነው ብድግ አሉና የወንድማቸውን ልጅ ክራንች ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ቀድማ ያዘችባቸው።

«ይህማ ደግሞ የኔ ልክ ነው» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል።

«እኔም እኮ ተማርኩ ባይ፣ መጀመሪያ የገዛሁት ቀለሙ ያማረኝን ቀጭን ከዘራ ነው። እጀታው ጠባብ፣ ክብደቴን ሁሉ በአንድ የእጅ አንጓ ላይ የሚጥል። ጣቶቼ እየወለቁ ሌሊቱን ሳቃስት አድር ነበር። ከዚያ ብብት ሥር የሚገባውን ሞከርኩ፤ እሱ ደግሞ ትከሻዬን ወደ ላይ ሰቅሎ እጄን አደነዘዘኝ። በመጨረሻ ነው ክንድ የሚያቅፈውን፣ እጀታው ሰፋ ብሎ መዳፍን የሚሞላውን ያገኘሁት፤ ክብደቱን ለክንድ ያካፍለዋል። ለእርስዎ የሚሆነው እሱ ነው ብዬ ግን ዛሬ አልምልም። ነገ ክሊኒክ ይምጡና ትከሻዎን፣ አንጓዎን፣ ጣትዎን፣ ዳሌዎን አንድ በአንድ እናያለን። አንድ ከዘራ ቢበቃዎት እንኳ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው።»

«አያትሽ የያዘችው በታመመው በኩል ነበር።»

«ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል።»

«ነገማ ሱቁን ዘግቼ ልተኛ ነበር» አሉ እትዬ መቀስ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ። ወጣቷ በጓዳው በር የሚታየውን አልጋ አየች፤ ለማን እንደተነጠፈ ያን ጊዜ ገባት፤ ፊቷ ተለወጠ። ተነስታ የጓዳውን በር ዘጋችው።

በማግስቱ እትዬ መቀስ ሱቁን ዘጉት፤ የዘጉት ግን ክሊኒክ ደርሰው እስኪመለሱ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከመደገፊያ መደገፊያ እየቀያየሩ፣ ሜትራቸውን ይዘው፣ የባለሙያዎቹን ልኬት እንደገና እየለኩ ሰው አስቸገሩ። አንዱን ክራንች ግማሽ ጣት ይረዝማል ብለው መለሱት፤ ሲታይ እውነትም ረዝሞ ተገኘ።

እነሆ ዛሬ ለደረጃና ለመንገድ ክንድ የሚያቅፉ ሁለት ክራንቾች አሏቸው፤ የጎማው ጫፍ ሲያልቅ ሳያድር ይቀየራል። ጨርቅ ሊገዙ ሲወጡ ባለ ጎማ መደገፊያ ይገፋሉ፤ መቀመጫ ስላለው ሲደክማቸው መንገድ መሐል ላይ እንደ ዳኛ ተቀምጠው ከነጋዴው ጋር ይከራከራሉ፣ ጨርቁንም ቅርጫቱ ይሸከምላቸዋል። ወንድማቸውን ሊጠይቁ የሄዱ ጊዜ፣ መንገዱ ረጅም ነውና፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሄዱ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ከወንበሩ ተነስተው በእግራቸው ገቡ፤ የወንድማቸው ጎረቤት ተአምር ነው ብሎ ሲያማትብ ዋለ። በየጠዋቱ የታዘዘላቸውን እንቅስቃሴ እያጉረመረሙ ይሠራሉ። ከደንበኞቻቸው ጨርቁን ይዞ የሄደ አልተገኘም። እንዲያውም አንዲት ደንበኛ ልብሷን ልትለካ መጥታ ክራንቹን ስትነካካ ቆየችና፣ የልጄም ጉልበት እንዲሁ ይወጣል፣ የት ላሳያት ብላ ጠየቀች። አልጋውን አናጢው ፈታትቶ የጨርቅ መደርደሪያ አደረገው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ መቀስ ከዘራውን ከአሻንጉሊቱ ጎን አቆሙ። በእጅጌው ጫፍ ልክ በጠመኔ ምልክት አደረጉ፤ ትርፉን ከታች በኩል ለኩ። አናጢውን ጠርተው አስቆረጡት፤ ጎማም አስገጠሙለት። የአሻንጉሊቱን ቀኝ ትከሻ ፈትተው ጥጡን አወጡ፣ መልሰው ሰፉት። ከዘራውንም በአሻንጉሊቱ ግራ በኩል፣ ከታመመው እግር በተቃራኒ አቆሙትና «አሁን ልክሽ ነው እማዬ» አሉ።

ከበሩ ጀርባ አሁን ምንም የለም። ድምፁ ግን አልቀረም፤ መገጣጠሚያ በምክር አይጠብቅም። አንዳንድ ቀን ሥራ ሲበዛ፣ ሲመሽ፣ በኮሪደሩ ላይ ቀጭ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። እትዬ መቀስ እንደ ድሮው አይደነግጡም። ቆም ይሉና መዳፋቸውን ዳሌያቸው ላይ አድርገው «ሰማሁሽ» ይላሉ። ከዚያ ወንበራቸውን ስበው ይቀመጣሉ፤ እሷም አብራቸው ትቀመጣለች።